ከጎመን ጋር ይመጣ የነበረው ትምህርት

የልጅ ልጄ ቤቷ ተቀምጣ ትማራለች። የርቀት ትምህርት ነው የሚባለው። ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ይሰጧታል፣ መልሷን ጽፋ ትልካለች፣ አስተማሪው አርሞ ይመልስላታል፤ መልኩን ግን አይታው አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ምሳ በልተን ስናበቃ ይህንኑ ስታስረዳኝ ቆይታ፣ “በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል እማማ?” አለችኝ። ወጣት ሁሉ ዓለም በእሱ የተጀመረች ይመስለዋል። “ነበር እንጂ” አልኳት። “የእኔ ትምህርት ቤት ጎመን ሥር ነበር።” የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለን የለም። ከእኛ ወጣ ብሎ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው ሰፈር፣ ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት እየሠሩ ነበር፤ የሰፈሩም ስም የመጣው ከእነዚያው ቤቶች ነው። እናቴ ለግንበኞቹና ለቀን ሠራተኞቹ ንፍሮ ትሸጥ ነበር። ስንዴውንና ባቄላውን ማለዳ ቀቅላ በቅርጫት ተሸክማ ትሄዳለች፤ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳ በጭልፋ ትሰፍርላቸዋለች። እስከ ዛሬ ድረስ ኖራ ሲሸተኝ ንፍሮ ያምረኛል።

ለእኛ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበሩት ተዘግተዋል፤ ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ደግሞ ተምሯል የተባለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። ወይዘሪት አስካለ ከወረራው በፊት የሴት ልጆች አስተማሪ ነበሩ። አሁን ሰንጋ ተራ የታመሙ አባታቸውን እያስታመሙ ይኖራሉ። ልጆች ቤታቸው ቢሰበስቡ ወሬው በማግስቱ ጣሊያን ጆሮ ይገባል። ስለዚህ እኛ በየቤታችን ተቀመጥን፣ ትምህርቱ ወደ እኛ መጣ። የሚያመጡት እትዬ ላቀች የሚባሉ በየሰፈሩ ጎመን የሚያዞሩ ሴት ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለረቡዕ ጾም ጎመን የማይገዛ ቤት ስለሌለ፣ የእሳቸው መምጣት ማንንም አያስጠረጥርም። ወረቀቱ ከጎመኑ ሥር ተጣጥፎ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ መልሱ በዚያው ይሄዳል።

ወረቀት ስል ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። የሲሚንቶ ከረጢት ነው። እናቴ ባዶ ከረጢት ከሥራ ቦታው እየለቀመች ለወይዘሪት አስካለ ትልክላቸዋለች፣ እሳቸው አራግፈው በመቀስ ይቆርጡታል። በአንዱ ፊት የሚነበብና የሚሰላ ነገር ይጽፉበታል፤ እኔ በጀርባው እመልሳለሁ። ሰባት ልጆች ነበርን አሉ፤ አንዳችን ሌላውን አናውቅም። ታርሞ ሲመለስ ከግርጌው “ለእናት” የሚል ይኖርበታል፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት መስመር።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ከጣሊያን በፊት የኔታ ዘንድ ፊደልና ንባብ ተምሬ ስለነበር፣ ከቤታችን የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወይዘሪት አስካለ ግን አንድ ጎረቤት ያነብላታል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ስለ እኔ ለእናቴ የሚጻፈውን ለእናቴ የማነብላት እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሰጣል?

በመጀመሪያ ምንም ችግር አልነበረም። “ልጅዎ ፈጣን ናት፤ ይበርቱባት” ይላል፤ እኔም እንዳለ አነባለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ልቤ ወደ አሸዋው ሸፈተ። ካሚዮኖቹ ለግንባታው የሚያራግፉት አሸዋ ትልቅ ክምር ሠርቶ፣ የሰፈር ልጆች ከአናቱ እየተንሸራተቱ ይጫወቱበታል። ዘበኛው ሲመጣ መበተን፣ ሲሄድ መመለስ ነው። ወረቀቴን ሰኞ ማታ በችኮላ ሞነጫጭሬ መስጠት ጀመርኩ። አንድ ማክሰኞ “ለእናት” ከሚለው ሥር እንዲህ የሚል መጣ፦ “ልጅቱ ሳታጠና ነው የምትልከው። ወረቀት እንደሚቸግር ያውቃሉ። እባክዎ ይቆጣጠሯት።” እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አጠገቤ ቆማለች። ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ፣ “ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት። እግዚአብሔር ያሳድግልዎ” ብዬ አነበብኩ።

እናቴ ያን ለት ፊቷ እንዴት እንደበራ! ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስድስት እንቁላል በጭድ ጠቅልላ በእትዬ ላቀች እጅ ላከች። መልሱ፣ “እንቁላሉን ተቀብያለሁ። የምፈልገው ግን ልጅቱ እንድትሠራ ነው” የሚል ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቤ ምስጋና ጨመርኩበት። እናቴ ቅቤ ላከች። አሁን፣ “ክረምት እስኪገባ ካልተሻሻለች ቦታዋን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ” የሚል መጣ። “ክረምት ሲገባ ከፍ ወዳለው ክፍል ትዛወራለች ይላል” አልኳት። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ራሱ እየገፋ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ማጥናቱን እንኳ ፈራሁት።

ሰኔ ገብቶ በሁለተኛው ማክሰኞ እትዬ ላቀች ጎመኑን ብቻ ሰጡን። “ዛሬ ወረቀት የለም፤ ምንም አላሉኝም” አሉ። እናቴ፣ “ሳያማቸው አይቀርም። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ” አለች። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ የጣሊያን ፍተሻ፣ ያላመካኘሁት የለም። “እንዲያውም አንቺም ነይ፤ ይዩሽ” ብላ እጄን ይዛ ወጣች።

በለገሃር አድርገን ሰንጋ ተራ ደረስን። ወይዘሪት አስካለ ቀጭን፣ ከምገምተው በላይ ወጣት ነበሩ። ደህንነታቸውን ጠይቃ ስታበቃ እናቴ፣ “ስለ ልጄ የጻፉልኝ ሁሉ ደርሶኛል። ምርቃትዎ ይድረሰኝ ብዬ ነው የመጣሁት” አለቻቸው።

“የቱ ምርቃት?” አሉ።

“ጎበዝ ናት ያሉኝ። ወደ ላይኛው ክፍል ትዛወራለች ያሉኝ።”

“ማነው የሚያነብልዎ?” ብለው ጠየቁ።

“እሷው ናት።”

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ወይዘሪት አስካለ የጻፉትን በቃላቸው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯት። የእንቁላሉንም፣ የቅቤውንም፣ የቦታውንም። እናቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች። “ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስቸግሬዎታለሁ” አለች። ከዚያ፣ “ቦታዋን ለሌላ ሰጡት?” ብላ ጠየቀች።

“ገና አልሰጠሁም።”

“እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ።”

የቀለደች መስሏቸው ሊስቁ ነበር። ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

ስንመለስ ለገሃር ላይ ዝናቡ ስለበረታ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ሥር ተጠለልን። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ በወደድኩ። ውሃው ከጣሪያው እየወረደ እያየች፣ “አባትሽ ከዘመተበት ወረቀት ልኮልኝ ነበር” አለች። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። “አጎትሽ ነው ያነበበልኝ። ደህና ነኝ፣ አትስጉ ይላል አለኝ። ወረቀቱ ሙሉ ገጽ ነው፤ እሱ ያነበበው አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ለባዳ ሰጥቼ ባስነብበው ወንድሙን አላመነችም ይሉኛል። አንቺ እስክትደርሺልኝ እየጠበቅሁ ነበር።” ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበችና፣ “አሁን ማን ያንብብልኝ?” አለች።



በሚቀጥለው ማክሰኞ ከጎመኑ ሥር የመጣው ወረቀት የእናቴ ነበር። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ተጽፎበታል። እርሳሱን እንደ ጭልፋ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጽፋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የእሷን ትምህርት እማራለሁ፤ የቀረኝን ክፍልፋይና ማባዛት ወይዘሪት አስካለ ሲያዝኑልኝ ከወረቀቷ ጥግ ላይ ይጽፉልኝ ነበር። “ይህች ‘ቀ’ ናት” ስላት ቀና ብላ ታየኛለች፤ ታርሞ እስኪመጣ ድረስ አትቀበለኝም። እሷን ለማሳመን ስል ያን ዓመት የሠራሁትን ያህል ሠርቼ አላውቅም።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ አገኘኋት። ስታየኝ አጠፈችው።

“ምን ይላል?” አልኳት።

“አባትሽ ደህና ነበር” አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ አንድ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ አገባች። ሁለት ወር ሙሉ አኮረፍኳት። “አባቴ ቢመለስስ?” ብዬ ሰው ፊት ተናግሬያታለሁ። አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም። ሰውየው ደግ ነበር፣ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፋልኝም እሱ ነው፤ እኔ ግን አባባ ለማለት ዓመታት ፈጀብኝ። በኋላ እኔም አስተማሪ ሆንኩ። ለስንቱ ልጅ አንብቤያለሁ። እናቴ ግን አንዲት ወረቀት እንኳ አስነብባኝ አታውቅም። የዕድር ማስታወቂያ ቢሆን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ራሷ ታነበዋለች።

እንጀራ አባቴ ካረፈ በኋላ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። አንድ እሑድ ልጠይቃት ብሄድ ከሣጥኗ ያን ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። በእጥፋቱ ላይ ተበሳስቷል። “አንብቢልኝ” አለች። ሰላምታው ረጅም ነበር። ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ “ደህና ነኝ፣ አትስጉ። የጦር ነገር ግን አይታወቅም። የቀረሁ እንደሆነ ተዝካሬን አውጪና ከዚያ በኋላ ብቻሽን አትቀመጪ። ልጄን የሚወድ ሰው ካገኘሽ አግቢ። ወንድሜ ይከፋዋል፤ አትስሚው።”

“አግቢ” የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እናቴ ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ጠበቀችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። “አዎ” አለች። “እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ያን ጊዜ ለምን አላሳየሽኝም እማዬ? ያን ሁሉ ስናገርሽ?”

“ያን ጊዜ ብሰጥሽ የሚስማማሽን ነበር የምታነቢው” አለችኝ፤ ቁጣም አልነበረባትም።

የልጅ ልጄ ማታ ማታ ከመጽሐፏ ታነብልኛለች፤ የእኔም ዓይን ደክሟል። ደህና አድርጋ ታነባለች፣ ድምጿም ጥሩ ነው። በሌላ ሰው ዓይን ማንበብ ምን ያህል ራስን አሳልፎ መስጠት እንደሆነ የገባኝ ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው። እናቴ ያን ነገር በሠላሳ ዓመቷ ታውቀው ነበር፤ አውቃም ራሷን ለእኔ አሳልፋ ሰጥታ ነበር።