የጋሼ ኪዳኔ ሜዳሊያዎች እኔ ጋ ናቸው

ዛሬ ጠዋት የጋሼ ኪዳኔ ልጅ ሰላም ደውላ «አባዬ ሞተ» ስትለኝ ሳቅኩ።

እውነቴን ነው። ባለፈው ሳምንት የታክሲያቸውን ወንበር እስከ መሪው ድረስ ገፍቼባቸው ሲገቡ ሆዳቸው ተሰንቅሮ ነበር። ብድሬን ሊመልሱ ነው ብዬ «በዚህ አልሸወድም በያቸው፣ ስልኩን ስጪያቸው» አልኳት። ከኋላዋ የሚያለቅስ ሰው ተሰማኝ።

ሶሪ ሰላም። ከጠዋት ጀምሮ ያ ሳቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ኪዳኔ እዚህ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሥር ቤዝመንቱን ያከራዩኝ ሰውዬ ናቸው። እዚህ ታክሲ ይነዱ ነበር። የምጽዋ ልጅ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ትልቅ የጦር መርከብ ላይ መድፍ ተኳሽ ነበሩ። ግራ ጆሯቸው እዚያው ቀርቷል።

እኔ ደግሞ መቼም እኔ ነኝ። በግራቸው በኩል እቆምና ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አወራቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ የደነቆሩ መስሏቸው የጆሮ መሣሪያቸውን ሲቀጠቅጡ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። በኋላ ነቁብኝ። እሳቸውም ድምፅ ሳያወጡ ይመልሱልኝ ጀመር። ሰው ፊት ቆመን ያለ ድምፅ ስንሰዳደብ ያየ ሁሉ ሁለቱም ለቀቁ ይል ነበር።

ሌይኦፍ ተደርጌ ከሥራ የወጣሁ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። እሳቸውም ከኤርፖርት ባዶ ታክሲ ይዘው መመለሳቸው ነው። ከተማው የሚኖርበት የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የሚመጣም የሚሄድም ሰው አልነበረም። «አፍህን ክፈት ወደይ፣ ጆሮህ ይተርፋል» አሉኝ። ወደይ ሲሉ ልጄ ማለታቸው ነው። የቀረው አልገባኝም፣ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

የገባኝ ኦኮቶክስ የምትባል ጎረቤት ከተማ ለሥራ ኢንተርቪው ይዘውኝ ሲሄዱ ነው። መንገድ ላይ ያ የካልጋሪ በረዶ ወረደብን፤ ጣሪያውን እንደ ድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። ዳር ይዘው ፓርክ አደረጉና መሪውን ጨብጠው አፋቸውን በርግደው ከፈቱ። «ጋሼ፣ ሊውጡት ነው እንዴ?» ብዬ ተንከተከትኩ። እስኪያባራ ድረስ አልዘጉትም።

ከዚያ ነገሩኝ። መድፍ ሲተኮስ ተኳሹ አፉን ይከፍታል፣ አለዚያ ድምፁ የጆሮውን ታምቡር ይበጥሰዋል። መርከቡ ላይ መጀመሪያ የተማሩት ይህን ነው።

ታዲያ የእርስዎ ጆሮ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው።

የኤርትራው ጦርነት ሲብስ ወደ ባሕር ዳርቻው ተኩሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። በመድፉ መነጽር ሲያዩ የእናታቸው መንደር ነው፣ ዓሣ የሚሰጣበት የእንጨት ርብራብ ሳይቀር ይታያል። «ተኮስኩ» አሉኝ። «ጥርሴን ነክሼ ስለነበር አፌን አልከፈትኩም።»

ካሏቸው ሁለት ሜዳሊያዎች ሁለተኛውን ያገኙት ለዚያ ተኩስ ነው።

ያን ጊዜ የምቀልደው ነገር አጣሁ። እኔን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ቤት ስንመለስ ሁለቱንም ሜዳሊያ በካልሲ ጠቅልለው ሰጡኝ። አንደኛው የኢላማ ነው፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ጣውላ መትተው ያገኙት። ማንም አልሞተበትም፣ እሱን ከእኔ ጋር ቅበሩት አሉ። ሌላው ግን ፎቶዬ አጠገብ እንኳ እንዳይታይ አሉኝ። ለምን ለሰላም አይሰጧትም ስላቸው አባቷን ጀግና ብላ ነው ያደገችው አሉ።

«አንተን ደግሞ ማንም ምንም አይጠይቅህም።»

እንደ ቀልደኛ ብቻ ስለቆጠሩኝ ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ተሰብስበን ሳለ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ ሜዳሊያዎቹን ፎቷቸው ፊት እንደርድር ብለው አስፈለጉ። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከማእዘን በኩል አንድ ሰው «በዚህ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ሰው ምን የማይሸጠው ነገር አለ» አለ። ሁሉም ወደ ሮቤል ዞረ። ሮቤል የሰላም ባል ነው፣ ከክረምት ጀምሮ የሥራ ሺፍት የለውም። አንገቱን ደፋ።

ካልሲው መኪናዬ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ። አሁን እኔ ጋ ነው ብል ለቅሶ ላይ እንኳ ቀለደ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ሲቲስኬፕ እስከሚባለው አዲስ ሰፈር ነዳሁና ግንባታቸው ቆሞ በፕላስቲክ በተሸፈኑት ቤቶች ፊት መኪናዬን አቆምኩ። የሮቤል የተደፋ አንገት ዐይኔ ላይ መጣብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ተመልሼ ሮቤልንና ሰላምን ጋራዥ ውስጥ ጠራኋቸው፣ ካልሲውን ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰላም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የአያቴን መንደር?»

አዎ አልኳት። «ለቅሶ ቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ እንዲያየው ጻፈው» አለችኝ። ሁለተኛውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አደራ የሰጠው ላንተ ነው አለችኝ።

ስለዚህ ለሁላችሁም፣ ሮቤል ምንም አልሸጠም። አቶ ግርማ፣ ከሚነበበው የሕይወት ታሪካቸው ላይ ሁለተኛውን ሜዳሊያ ያውጡልን። ሮቤል፣ ዐይንህን ማየት ሲያቅተኝ አይተኸኛል። ይቅር በለኝ።

ጋሼ፣ ሰላም አወቀች። ከዚያ ወዲህም አባዬ ነው የምትልዎ። የኢላማውን ሜዳሊያ ሮቤል ራሱ ደረትዎ ላይ ያኖርልዎታል። ሌላው እኔ ጋ ነው፣ ቀልድ አላደርገውም።

የቀብሩ ቀን በግራዎ አልቆምም። በቀኝዎ በኩል በደህናው ጆሮዎ ቆሜ ድምፄን አውጥቼ ደህና ይሁኑ እልዎታለሁ።