ኮራሉን የገደለው ጉርሻ

ዛሬ ጠዋት ጎሮ፣ የምሠራበት ካፌ ውስጥ አለቃዬ ጋሽ መኮንን አንዱን ደንበኛ በኮሌታው አንቀው ዓሦች ከምናኖርበት አኳሪየም መስታወት ጋር አላተሙት።

ለዓሦቹ ዳቦ ሲያጎርስ አይተውት ነው። እኛ ጋ የገባ ሁሉ ሳያጎርሳቸው አይወጣም።

"የተረፈው ዳቦ በስብሶ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ያፋፋዋል። አልጌው ከጅቡቲ ያመጣሁትን ኮራል፣ ያንን ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጡር፣ ሸፍኖ ብርሃን ከለከለው፤ ገደላችሁብኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ አንድ ጉርሻ ነው እኮ" አለ ሰውየው፣ የአፍንጫውን ደም እየጠረገ።

ከዚያ ወንበር አነሳባቸው። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ ወንበሩ መስታወቱን አደቀቀው፤ ጨዋማው ውሃ ከነዓሦቹ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

ኮራሉን ከስብርባሪው መሀል ሳነሳው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ እጄ ላይ ተሙለጨለጨ።

እኔም በየጠዋቱ ከቁርሴ አጎርሳቸው ነበር። ለጋሽ መኮንን ግን አልተናገርኩም።

እናንተስ፣ እየወደዳችሁ የገደላችሁት ነገር የለም?