ወለላ ለሚዜዋ ያለቻት

ሰርካዲስ ስትፈጠር ደንቆሮ አልነበረችም። ጆሮዋን የበላው የቡና መፈልፈያ ማሽን ነው። ይህን ቴፒ ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሳህሉ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ሳህሉ ሚስቱን ወባ ገድላበት፣ ገና ድክ ድክ የምትል ወለላ የምትባል ልጅ ነበረችው። ሰርካዲስ የራሷን ልጅ እወልዳለሁ ስትል፣ ሳህሉ ቡና ጭኖ የጎጀብን ቁልቁለት ሲወርድ ተገለበጠና ሞተ። ዘመዶቹ ለተዝካሩ ከሸዋ መጡ። አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ተከፋፈሉና ጭነው ሄዱ። ስለ ልጅቱ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሰርካዲስ ወለላን አዝላ በር ላይ ቆማ ሸኘቻቸው።

ከዚያ በኋላ መፈልፈያው ገባች። ማሽኑ ሲነሳ ቆርቆሮው ቤት እንዳለ ይንቀጠቀጣል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሴቶች እንኳ በእጅ ነበር የሚግባቡት። መጀመሪያ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ጀመራት። ቆይቶ የሰው ቃል እየራቀ ሄደ። ሚዛን ከተማ ሄዳ የታየችበት ሐኪም፣ «ሥራውን ካልተውሽ ጭራሹን ይጠፋል» አላት። ወለላ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ሰርካዲስ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ተገኘች።

ልጅቷ ተምራ አዲስ አበባ ገባች፤ ሥራ ያዘች፤ ሙሴ የሚባል የሀብታም ልጅ አገባች። ሠርጉ እዚያው በአዳራሽ ነበር። ሰርካዲስ አዲስ ቀሚስ አሰፍታ በአውቶቡስ ሄደች። መድረኩ አጠገብ ቦታ የለም ተባለና ግድግዳ ሥር አስቀመጧት። እሷ ቅር አላላትም። ሙሽራው መጥቶ «እትዬ ሰርካዲስ» ብሎ ጉልበቷን ሲስማት፣ አክብሮቱ አስደስቷት ተመለሰች።

የሠርጉን ሲዲ አመጣች። ሲዲው ለዓመታት ደስታዋ ሆነ። እሑድ እሑድ ጎረቤቷ ኡሙሀኒ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ አብረው ያዩታል። ሙዚቃው እየጮኸ የሰው ንግግር ስለማይለይ፣ ጆሮ ላላት ለኡሙሀኒም የሚሰማ ቃል አልነበረም። ሰርካዲስ አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ታስቆመዋለች። ወለላ ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጇ አፏን ከለል አድርጋ ወደ ሚዜዋ ጆሮ ዘንበል ትላለች፤ አንድ ነገር ትነግራትና ቀና ብላ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሥር፣ ወደ ሰርካዲስ እያየች ፈገግ ትላለች።

«ይቺን እያት» ትላለች ሰርካዲስ። «ያሳደገችኝ እሷ ናት እያለቻት ነው።»

«ሌላ ምን ልትል ኖሯል» ትላለች ኡሙሀኒ።

በ2009 ለገና ወለላ ከአዲስ አበባ ስጦታ ይዛ መጣች። ረዘም ያለ፣ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ጥቁር የድምፅ መሣሪያ ነው፤ ሳውንድ ባር ይሉታል። የመረጠው ሙሴ ነበር። ዕቃውን ሊገጥም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ጀዋር ተጠራ። ጀዋር ካርቶኑ ላይ ያለውን እያነበበ፣ ሰርካዲስ ከንፈሩን እንድታይ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ አስረዳት።

«እማማ፣ የመካከሏ ድምፅ ማጉያ የምታወጣው ንግግር ብቻ ነው። ሙዚቃውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ የሰውን ቃል ታወጣዋለች። ዘዴውን የሠሩት ሰዎች የፈጠራ መብት ወስደውበታል፤ ሌላ ፋብሪካ ሊቀዳው አይችልም።»

መጀመሪያ ዜና ከፈተላት። ሰርካዲስ አንገቷን ሰገግ አድርጋ በተረፋት ጥቂት የመስማት ኃይል አዳመጠችና፣ ዜና አንባቢው ያለውን ቃል በቃል ደገመችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወለላ አቀፈቻት። ኡሙሀኒም ምርቃቷን አወረደችው።

«ሠርጉን ክፈትልኝ» አለች ሰርካዲስ።

«እማ ደግሞ፣ ያን አሮጌ ነገር» አለች ወለላ እየሳቀች። ሳቋ የምር ነበር። ያለችውን ከረሳችው ቆይታለች።

ጀዋር ሲዲውን አስገባና የንግግሩን ቁልፍ ተጫነ። ሙዚቃው ወደ ኋላ ሸሸ። እልልታው፣ የብርጭቆው ድምፅ፣ የእንግዳው ወሬ አንድ በአንድ ይሰማ ጀመር። ያቺ ቦታ ደረሰች። ቪዲዮ አንሺው ሙሽሪት አጠገብ ቆሞ ኖሮ፣ በቅድሚያ የሚዜዋ ድምፅ መጣ።

«ግድግዳው ሥር ያለችው እናትሽ አይደለችም? ለፎቶ ትጠራ እንጂ።»

«ኧረ እናቴ አይደለችም፣ ሞግዚቴ ነበረች። ለነሙሴም እንደዚያ ነው ያልኳቸው። እንዳትጠሪያት፣ በጩኸቷ ታሳፍረኛለች። እሷ እንደሆን ምንም አትሰማም፤ ፈገግ ካልሽላት ይበቃታል።»

ሥዕሉ ላይ ወለላ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

ጀዋር እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«መልሰው» አለች ሰርካዲስ።

ጀዋር ወለላን አያት።

«እሷን ምን ታያለህ? ቤቱ የእኔ ነው። መልሰው።»

መለሰው። ሰርካዲስ ሁለተኛውንም እስከ መጨረሻው ሰማችና በእጇ ምልክት አስቆመችው። ጀዋር መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሳይሰናበት ወጣ። ኡሙሀኒ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

«እማ፣ ልጅ ነበርኩ እኮ» አለች ወለላ። «የነሱን ቤት አታውቂውም። በዘር በሀብት የሚመዝኑ ናቸው። የቀን ሠራተኛ ናት ያሳደገችኝ ብል…»

ሰርካዲስ ከንፈሯን እያየች አስጨረሰቻት። ከዚያ፣ «ሙሴ ዛሬስ ማን እንደሆንኩ ያውቃል?» አለቻት።

ወለላ መሬት መሬት አየች።

«እንግዲያው ይህን ዕቃ የገዛው ለሞግዚትሽ ነው» አለች ሰርካዲስ።

ወለላ ያን ቀን እዚያ አላደረችም። ሰርካዲስ ከበር ወጥታ አልሸኘቻትም። ኡሙሀኒ ሲመሽ ሾርባ ይዛ ብትመጣ፣ ሰርካዲስ የወለላን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ካስቀመጠችበት ሻንጣ አውጥታ ለመወልወያ እየቀደደችው አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

ለፋሲካ ወለላ ሽማግሌ ይዛ መጣች። አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። ጎረቤቱ ወጥቶ ያይ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ የክርስቶስን ትንሣኤ፣ የሟቹን የሳህሉን አጥንት እያነሱ ለመኑ። ሰርካዲስ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሁሉንም አፍ አየች።

«እምራታለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካሣም አልፈልግም። ባሏ ዘንድ ይደወልና ማን እንደሆንኩ ትንገረው። እዚሁ፣ እናንተ እየሰማችሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ የወለላን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥቶ አቀበላት። ወለላ ስልኩን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። የጎረቤት ሴቶችም አጥር ላይ ተደግፈው ጠበቁ። ጣቷ ስልኩ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እማ፣ አሁን አይሆንም» አለች። «ቀስ ብዬ ነው የምነግረው። አሁን ብነግረው ውሸታም ብሎ ያባርረኛል። ትዳሬ እንዲፈርስ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም» አለች ሰርካዲስ። «ድንጋዩን አውርጂና ወደ ትዳርሽ ሂጂ።»

«ሰርካዲስ፣ ልጅ እኮ ናት፤ እንዲህ አትጨክኚ» አለ ሽማግሌው።

«አልሰማሁህም» አለችው፣ ሰምታው። ተነስታ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ወለላ ከዚያ ወዲህ ቴፒን አልረገጠችም። ለሙሴ ትንገረው አትንገረው የሚያውቅ የለም። ሰርካዲስ ሳውንድ ባሩን ለኡሙሀኒ ሰጠቻት፤ ኡሙሀኒም ሱቋ ውስጥ ሰቀለችው፣ ደንበኛ ሁሉ ዜና ይሰማበታል። ሰርካዲስ ጓዳዋን ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራየችው። ተማሪዎቹ አንዳንዴ ከንፈራቸው እንዲታያት ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ ቀስ ብለው፣ «እማማ፣ ልጅ አለዎት?» ብለው ይጠይቋታል።

«አልወለድኩም» ትላቸዋለች።