ቤቱ ላስታመመ ነው

ላውንደሪ ቤት ውስጥ ካውያ እንላታለን። ስሙ የወጣላት ሸሚዝ ስለምትተኩስ አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም እንተኩሳለን። በምላሷ ነው። አንድ ደንበኛ ሱሪዬ ተጣሟል ብሎ ሲጮህባት፣ "ጌታዬ፣ ሱሪውስ ቀጥ ብሏል፤ እግርዎን ያስተካክሉ" ብላ መልሳለታለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ የተተኮሰውን አጥፋለሁ። ግቢያችንም አንድ ነው፤ ያን ጊዜ የእሷን ክፍልና የእኔን የሚለየው ቀጭን ግድግዳ ነበር፣ ሲያስነጥሳት ይማርሽ እላት ነበር።

ግቢው የመንግሥት ነው። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ማንም ያልጻፈው አንድ ደንብ ነበረን፦ ተከራይ ሲሞት ቤቱ ላስታመመው ነው። ልጅ ይሁን ጎረቤት አይጠየቅም። ያጠበው፣ ያገላበጠው፣ እንቅልፍ ያጣለት ሰው ቁልፉን ይይዛል። የቤቶች ቢሮ ሰዎችም ሽማግሌዎቹን ጠይቀው ስም ያዛውሩ ነበር። ልጅ የሌለው ሰው እንኳ በዚህ ደንብ ምክንያት አስታማሚ አጥቶ አያውቅም።

ካውያ የምታስታምመው አማቷን ነበር። ባሏ ሌላ ወዶ ሄደ፣ ጋብቻውም በፍርድ ቤት ፈረሰ። ክፍሉን በስማቸው የተከራዩት እናቱ ግን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው እዚያው አልጋቸው ላይ ቀሩ።

"ከእንግዲህ ምንሽ ናቸው? ጥለሻቸው ውጪ" ያላት ሰው ብዙ ነው።

"እኔ የፈታሁት እሱን ነው። እሳቸውን ማን ፈታቸው?" ትላለች።

ጠዋት ከሥራ በፊት ታጥባቸዋለች። ምሳ ሰዓት እየሮጠች ሄዳ ታገላብጣቸዋለች። አሮጊቷ ደግሞ ምስጋና የሚባል አያውቁም፤ ውኃው በረደ፣ ትራሱ ጠነከረ እያሉ ሲሰድቧት በግድግዳው እሰማለሁ። ዕድሜዋ እንዲህ አለቀ። ጥሪት የላትም፣ ልጅ የላትም። ነገ የምትላት ነገር ብትኖር ያቺ ክፍል ነበረች።

ከዚያ አዲስ የቤቶች ቢሮ ኃላፊ መጣ። "ልማድ ሕግ አይደለም" አለ። ምክር ቤቱም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን አውጥቶ፣ ተከራዩ የሞተበት ቤት ሁሉ ለመንግሥት ይመለስ ብሎ ወሰነ። የሁለት ጎረቤቶቻችን ዕቃ ሜዳ ላይ ተጣለ። ሰው ሲንጫጫ ያው ምክር ቤት ያንኑ እጁን አውጥቶ ውሳኔውን ሻረ። የተባረሩት ግን አልተመለሱም፤ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበታል።

አገራችን ያን ጊዜ አንድ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ሕገ መንግሥት አልነበራትም። አንዳንድ ምሁራን ሕጋችን በልማዳችን ውስጥ አለ፣ ስንት ዘመን ኖረንበታል ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ይጻፍ፣ ከተጻፈ በኋላም ማንም እየተነሳ እንዳይነካካው ይቆለፍ አሉ። ካውያ ከነዚህ ጋር ወገነች። እጅ በማውጣት ብቻ ቤት ሲፈርስ በዓይኗ አይታለች።

የግቢያችን ዘበኛ ግን አልተዋጠለትም። ሻለቃ እንለዋለን፤ ከተራ ወታደርነት አልፎ አያውቅም።

"ያልተጻፈ ነገር እንደ ላስቲክ ነው፣ ሲስቡት ይሳባል" አላት። "ከተጻፈ ግን ጸሐፊው የጻፈው ነው፣ አንቺ ያሰብሽው አይደለም።"

"ላስቲክ ይበጠሳል እኮ፣ ሻለቃ። ባለፈው ሲበጠስ የት ነበሩ?"

"በር ላይ ነበርኩ።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ከፈትኩላቸው" አለ። "መንግሥት ናቸው።"

ከላውንደሪ ቤቱ ደንበኞች አንዱ ጠበቃ ነው። ይጻፍ ተብሎ ሲወሰን ሕገ መንግሥቱን ከሚያረቅቁት አንዱ ሆነ። ሸሚዙን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ስለ ቤቱ ስትጨቀጭቀው፣ "ለምን ሕዝብ በሚሰበሰብበት አዳራሽ መጥተሽ አትናገሪም?" አላት። ሄድን። ተራዋ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን እንደ ካውያ እጀታ ጨብጣ፣ "ቤቱ ላስታመመ ነው ብላችሁ ጻፉልን። ጽፋችሁም ቆልፉት፤ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጣሉት" አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጠበቃውም አቀርቅሮ ሲጽፍ አየሁት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ "አንቀጹ ገብቷል፣ እህቴ" አላት። እንዴት ተብሎ ገባ ብላ አልጠየቀችም፤ እኛም አልጠየቅንም። ገብቷል ከተባለ ገብቷል። ድምፅ በምንሰጥበት ቀን የግቢውን ሴቶች በር በር እያንኳኳች የሰበሰበችው እሷ ናት። ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ።

አማቷ ብዙም አልቆዩ፣ እጇ ላይ ሞቱ። ሐዘኑ ሳይበርድ የቀድሞ ባሏ አዲሷን ሚስቱን አስከትሎ መጣ። እናቱ ታመው በተኙበት ዘመን ሁሉ በዚያ በር ብቅ ብሎ አያውቅም። ዱሮ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ስቀው ይሸኙት ነበር። አሁን የታተመውን ሕገ መንግሥት ከኪሱ አውጥቶ አነበበላቸው፦ ተከራይ ሲሞት ቤቱ ለሥጋ ዘመዱ ይተላለፋል። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ "ከሕገ መንግሥት በላይ እኛ ማን ነን?" አሉ።

ካውያ ጠበቃው ዘንድ ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ሳብ አደረገልን።

"ማስታመምን ፍርድ ቤት በምን ይለካዋል?" አለ። "አንድ ቀን ውኃ ያቀበለ ሁሉ አስታምሜያለሁ ይላል። የሥጋ ዝምድና ግን ይረጋገጣል። ስንጽፈው ልናጠራው ፈልገን ነው።"

"እኔን ነው ያጠራችሁት። አሁን አስተካክሉት።"

"ከምክር ቤቱ ሦስት እጅ ሁለቱ መስማማት አለበት። ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ የሚመጣውም እንደገና ሊያጸድቀው ይገባል።" ብዕሩን አገላበጠ። "ቆልፉት ብላችሁ ነበር፣ እህቴ።"

ካውያ ተነስታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች።

መጻፉ ይሁን መቆለፉ የጎዳን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሳይጻፍ ሜዳ ላይ ጣሉን፤ ተጽፎም ጣሉን።

ዕቃዋን ስናወጣ የቀድሞ ባሏ በሩን ተደግፎ ቆመ። "እኔ ምን ላድርግ? ሕጉ ነው" አለ። አልጋውን ስናነሳ ደግሞ፣ "እሱን ተዉት፣ የእናቴ ነው" አለ። የራሷን ፍራሽ ይዛ እኔ ክፍል ገባች። አሁን እሷ በአንድ ግድግዳ እኔ በሌላው እንተኛለን።

ከግቢው ጫፍ ልብስ ሰፊዋ እማማ ይኖራሉ። ልጅ የላቸውም፣ ወንድም እህት የላቸውም። በቅርቡ ወድቀው ተኙ። እንደ ዱሮው ቢሆን ሴቶቹ ቤታቸው ለመግባት ይሻሙ ነበር። አሁን ሁሉም በራቸው ጋ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ የካውያን ድምፅ ለዩና፣ "ልጄ፣ እስቲ አገላብጪኝ" ብለው ተጣሩ። ቆመች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ትገባለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እማማ" አለች ከደጅ ሆና፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ "የሥጋ ዘመድዎን ያስጠሩ።"

ቦርሳዋን መልሳ አንግታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።