ጫማውን የሚያወልቀው ጀግና

ከደባርቅ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አልዋሻችሁም፤ ሳልሰናበት ነው የሄድኩት። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ሐሳባቸው ዲያቆን ሆኜ አጠገባቸው እንዳገለግል ነበር። እኔ ግን መስቀል እንኳ ሳልሳለም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ ሹፌሩ ያንጎራጉራል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ።

የበረሃውን ነገር ተዉት፤ ያየው ያውቀዋል። ያረፍኩት ስዊድን ነው። ዳቦአቸው እንደ ጣውላ ይሰበራል። ብርዱ ከተራራችን፣ ከሳንቃ በር፣ ይብሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የሳንቃ በር ብርድ ረፋድ ላይ ትንሽ ያፍራል፤ ይሄኛው ሐፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። እሱንስ ቻልኩት፤ ያልቻልኩት የአባቴን ዝምታ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አላናገሩኝም። እህቴ ዘርፌ ስልኩን ልትሰጣቸው ስትል ቅዳሴ አለብኝ ይላሉ፤ ማክሰኞ ከሰዓትም ቅዳሴ አለባቸው።

ሞድን ያገኘሁት እንዲህ ሆድ ብሶኝ ሳለ ነው። ጀግናው እንደ ልቡ አገር ላገር የሚዞርበት የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። አፍቃሪዎቹ ተሰባስበው በነፃ አዲስ አገር ይቀጥሉበታል፤ ሞድ የሚሉት ይሄንን ነው። እኔም ተቀላቀልኩና የኛን ተራራ ከነገደሉ ሠራሁ፤ ጅባራ ተከልኩ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ለቀቅኩበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሥራ የምታፈላልግልኝ የቢሮ ሴትዮ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ተራራ እሠራለሁ አልኳት። ለማን አለች። ለማንም፣ በነፃ አልኳት። ቀስ ብላ ከሐኪም ላገናኝህ ወይ አለችኝ።

ጉብታው ላይ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠርቼ፣ ደጃፉ ላይ መስቀል የያዙ ሽማግሌ ቄስ አቆምኩና ጀግናው ሲገባበት የሚያሳይ ቪዲዮ ለዘርፌ ላክሁላት። አባቴ በስልኳ አይተው፣ “ይሄ ሰይፍ የታጠቀ ሰው ከነጫማው መቅደስ ሲገባ ዝም ይባላል?” ብለዋል አለችኝ። ክው አልኩ። የቄስ ልጅ ሆኜ፣ ካህናት ብቻ የሚገቡበትን መቅደስ ለመንገደኛ ሁሉ ከፍቼዋለሁ! ግን አባቴ አይተውታል፤ እሱ ብቻ ልቤን ሞላው።

የቡድናችን አለቃ ማሬክ የሚባል ፖላንዳዊ ነው። መቅደሱን ልዝጋው ስለው፣ ተጫዋች የተዘጋ በር አይወድም አለኝ። አባቴ አልፈቀዱም አልኩት። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ሠላሳ ስለው ሳቁ አሸነፈውና እሺ አለ። መቅደሱን ዘጋሁ፤ ጀግናውም ደጃፉ ላይ ጫማውን እንዲያወልቅ አደረግሁ። ሞዱ በወጣ ሳምንት፣ ጫማዬን ማን ወሰደው የሚል ስሞታ ከዓለም ዙሪያ ጎረፈ።

በዚያው ሰሞን ከዘርፌ ስልክ ተደወለ። ሳነሳው የአባቴ ድምፅ ነው። ጤናዬን ጠየቁኝ፤ እጾም እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ፣ “በሩ ላይ የቆመው ቄስ ማን ነው?” አሉ።

“እርስዎ ነዎት፣ አባባ።”

እንደገና ተቀየሙኝ ብዬ ፈራሁ።

“ታዲያ የማላውቀውን የፈረንጅ ልጅ ሁሉ መስቀል ሳሳልም ልኑር? አንተ ነህ መጥተህ የምትሳለመው።”

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። እኔ ግን በልጅነቴ ከጓሮ ሲጠሩኝ እንደምለው፣ መጣሁ አልኳቸው።