የእንግሊዝ ባቡርና የሾኔው መንገድ

ሥራ የጀመርኩት ከሆሳዕና መናኸሪያ ሾኔ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ በረዳትነት ነው። የመጀመሪያው ሹፌሬ ጋሽ በላይ ይባሉ ነበር። ጠዋት አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜ ስጠብቃቸው መጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው ሥራውን በአንድ ትንፋሽ አስረከቡኝ። «የመኪናውን ጎን አንዴ ከመታህ እቆማለሁ። ሁለቴ ከመታህ እሄዳለሁ። ሁለቴ ከመታህ በኋላ አላይም። ሰው ካለ የገደልከው አንተ ነህ።»

ያን ቀን መዳፌ እስኪቀላ ቆርቆሮ ስመታ ዋልኩ። ማታ እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሥራው ገባኝ ብዬ ተደሰትኩ። ኋላ እኔም ሹፌር ሆንኩ። ለረዳቶቼ ሁሉ ያንኑ የጋሽ በላይን ንግግር ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ጥሩ ሹፌር ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት፤ ሌላውም እንደዚያ ይለኝ ነበር።

ዕድሜ ሲገፋ ዓይኔ ደከመ። ዝናብ ሲዘንብ ከፊቴ የሚመጣ መኪና መብራት ሁለት ሦስት እየሆነ ያስቸግረኝ ጀመር። ለባለንብረቷ ለወይዘሮ ታደለች መንዳቱን ልተው ነው አልኳቸው። እሳቸው ደንገጥ አሉ። «ጋሽ ሀንዲሶ፣ መኪናዬን ለማን ልስጠው? እርስዎ ይችላል ያላሉትን ሰው መሪ አላስጨብጥም። ደግሞ ያሆዴ ሳይደርስ ይወስኑልኝ፤ ለዘመን መለወጫው የሚገባው ሕዝብ ሲበዛ ሹፌር ፍለጋ አልሯሯጥም።»

ሰውየው እንኳ አልጠፋኝም። ረዳቴ ታምራት ነው። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል፣ የሕዝብ መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል፣ እጁ ለስላሳ ነው። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች። መኪናውን ካላገኘ አዲስ አበባ ሄዶ የሌላ ሰው ረዳት ለመሆን ወስኗል፤ ሚስቱና ልጁ እዚህ ሊቀሩ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ቃል ይበሉልኝ» አለኝ። ልልለትም ነበር። ነገሩን ያዘገየብኝ የእንግሊዝ ባቡር ነው።

ልጄ ምሕረት በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሑድ ከቸርች ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ኮምፒውተሯ ላይ ባቡር ትነዳለች። የእንግሊዝ ባቡር ነው። የሹፌሩ ክፍል እንዳለ ይታያል፤ የመንጃ መያዣው፣ የፍሬኑ አየር መለኪያ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሳይቀር። እኔ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነበር። አንድ እሑድ ግን «አባባ፣ እስቲ ሞክረው» አለችኝና ተቀመጥኩ።

ጣቢያው ከፊቴ ታየኝ፤ አውቶቡስ በማቆምበት ርቀት ፍሬን ያዝኩ። ባቡሩ ምንም አልመሰለው። ጣቢያው በመስኮት አለፈ፣ ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው እያዩኝ።

«ፍሬኑ አይሠራም!» ብዬ ጮህኩ።

ምሕረት በሳቅ ሞተች። «ይሠራል። ጣቢያውን ስታይ ነው የያዝከው፤ ከማየትህ በፊት ነበር መያዝ ያለብህ። ሾኔ ቢሆን በድንጋይ ነበር የሚሸኙህ።»

ሳላይ እንዴት ልያዝ? እሷ አስረዳችኝ። ባቡር ከባድ ነው፣ ብረቱ በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ቅጠል ከረገፈበትማ አይጣል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ መንገዱን በቃሉ ያጠናል፤ የትኛው ድልድይ ካለፈ በኋላ ፍሬን እንደሚነካ ያውቃል። በአገራቸው ያላጠናውን መስመር ብቻውን አይነዳም፣ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይቀመጣል። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም የሾኔን መንገድ በዛፍና በቤት ነው የማውቀው፤ በጭጋግ ውስጥ ኩርባው የት እንደሚጀምር ወገቤ ይነግረኛል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ይህንን ነገር ደንብ አድርጎ አስቀምጦታል።

ከዚያ በኋላ እሑድን መጠበቅ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ተማርኩ። ሁለት ቢጫ መብራት ከሩቅ ተዘጋጅ ነው፣ አንድ ቢጫ የሚቀጥለው ቀይ ነው ማለት ነው። ቢጫው ሲቀርብ በሹፌሩ ክፍል ውስጥ ጡሩምባ ይጮኻል። ቶሎ ቁልፉን ተጭነህ ሰማሁ ካላልክ ባቡሩ በራሱ ፍሬን ይይዛል። ከተጫንክም በኋላ አንዲት ክብ ነገር ቢጫና ጥቁር ሆና ትቀራለች፤ ሹፌሮቹ ሱፍ አበባ ይሏታል። የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ሰምተሃል፣ አትርሳ እያለች ታይሃለች።

በጣም የደነቀኝ ግን ባቡሩ ሊቆም ሲል ነው። ምሕረት «አሁን ፍሬኑን ላላ አድርገው፣ ተሳፋሪው እንዳይናጥ» አለችኝ። ዞር ብዬ አየኋት። እኔ ይሄን ከጋሽ በላይ የተማርኩት ነው፤ ነፍሰ ጡር ስጭን ሁሌም የማደርገው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ሰው ያልተሳፈረበት ባቡር ይህንን ያውቃል።

«ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚቆጣጠረው?» አልኳት።

«እውነተኛ ሹፌሮች። እነሱም ይጫወቱታል። ጡሩምባው ትንሽ ዘግይቶ ከጮኸ፣ የፍሬኑ አየር ድምፅ ከተሳሳተ ይከራከራሉ፣ እስኪስተካከል አይለቁም።»

«ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ቤቱ ገብቶ ይነዳል?»

«አንተስ ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ።

አንድ እሑድ ጣቢያ ላይ በሥርዓት አቆምኩ። ከፊቴ መብራቱ ቀይ ነው። ከኋላ ያለው የባቡሩ ረዳት በሮቹን ዘጋና ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። ዲንግ ዲንግ። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ባቡሩ ተነሣ፣ ቀዩን አለፈ፣ ፍሬኑ በራሱ ተያዘ። ጨዋታው አበቃ።

«ሂድ ብሎኝ እኮ ነው!» አልኩ።

ምሕረት ያን ጊዜ አልሳቀችም። «አባባ፣ እሱ በሮቹ ተዘግተዋል፣ እኔ ጨርሻለሁ ነው ያለህ። መብራቱን የምታየው አንተ ነህ። እውነተኛ ሹፌሮችም ይሳሳቱታል፤ ጎበዞቹ ሳይቀሩ። ደወሉን ሲሰሙ እጃቸው ይቀድማል። ለዚህ ነው ይቺ የተሠራችው።» መያዣው አጠገብ ያለች ቀይ ማብሪያ አሳየችኝ። ሹፌሩ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ይጫናታል። ከዚያ በኋላ ደወል ቢደወል፣ መያዣውን ቢስበው፣ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ራሱ አስቦ፣ መብራቱን አይቶ እስኪለቃት ድረስ ትይዘዋለች።

ጎበዝ ሹፌርም ይዘነጋል ብሎ አንድ ሰው አስቧል። አልሰደበውም፣ የገደልከው አንተ ነህ አላለውም፤ ማብሪያ ሠራለት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ማንም በማይሞትበት ጨዋታ ውስጥ ያችን ማብሪያ በቦታዋ፣ ከነቀይ መብራቷ አስቀመጣት። ምሕረት ከዚህ በፊት ሌላ ጨዋታ ነበራት፤ ቀይ ጥሰህ ብትሄድ ምንም የማይል። «ውሸታም ስለሆነ አጠፋሁት» አለችኝ። በነገሩ ተገርሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ታምራትን ቤት ጠራሁት። ምሕረት መያዣዎቹን አሳየችው። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ከእኔ ቶሎ ለመደ፣ ጣቢያው ላይ አሳምሮ አቆመ። መብራቱ ቀይ ሆነ። ደወሉ ሁለት ጊዜ ተመታ። ታምራት ሄደ።

«ጋሼ፣ ደወሉ ተመታ እኮ!» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። የእኔው ቃል ነው። ግን ያን ቀን ለወይዘሮ ታደለች ይችላል ማለት አቃተኝ። የባለቤቴን አሮጌ ቀይ ሻሽ ቀደድኩና ለታምራት ሰጠሁት። «በቆምክ ቁጥር ይሄን ማርሹ ላይ ጣል። ጎኑ ቢመታም፣ ሳበው ቢሉህም አታንሣው። ሁለቱን መስታወት አይተህ፣ ከወንበርህ ብድግ ብለህ የአውቶቡሱን አፍንጫ ሥር አይተህ፣ ከዚያ አንሣው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪው ላይ እሱ፣ ጋቢና ላይ እኔ ሆንን። በረዳትነት አዲስ ልጅ ተቀጠረ።

መናኸሪያው መሣቂያ አገኘ። «ታምራት፣ ማርሽህን ድረሃታል እንዴ? ሻሽ አሰርክላት!» ይሉታል። ጭራሽ የቸርቻችን ሽማግሌ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ወንድም ሀንዲሶ፣ ሰው ያወራል። ያ ቀይ ጨርቅ ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ፤ ጠንቋይ ቤት ሄጄ እንደሆነ ፈርተው ነው። የእንግሊዝ ባቡርን፣ ደወሉን፣ ቀይ ማብሪያዋን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እንጸልይልሃለን» አሉኝ።

ታምራትም ተከፋ። «ጋሼ፣ ሰው ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ያለውም ሰውዬ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም እያለኝ ነው። እስከ መቼ ነው ይሄ?»

«እጅህ ከዓይንህ መቅደሙን እስኪተው» አልኩት። ፊቱን አጠቆረ፤ ጨርቁን ግን አልተወውም።

ያሆዴ ተቃርቦ ነበር። የገበያ ቀን ሾኔ ላይ ቆመን ጫንን። ዝናብ አባርቶ መሬቱ ይንሸራተታል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ዕቃ ያስራል፤ አንድ ወዛደር ከታች ከረጢት ያቀብለዋል። ከበደው መሰለኝ፣ ከረጢቱ የአውቶቡሱን ጎን መታና ተመለሰ፣ ደግሞ መታ። ጧ ጧ።

የታምራት እጅ ወደ ማርሹ ሄደ። ጨርቁን ነካ። ቆመ። ቀኙን መስታወት አየ፣ ግራውን አየ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በፊት መስታወቱ ወደ ታች አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

እኔም ተነሥቼ አየሁ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ፌስታሏ ተቀዶ አቮካዶዋን ከጭቃ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችንና «አንዴ ቆዩኝ፣ ጨረስኩ» አለች። ታምራት በሩን ከፍቶ ወረደና ጎንበስ ብሎ አብሯት ለቀመ።

እኔ አልወረድኩም። እግሬን እያየሁ ነበር። እኔ በተቀመጥኩበት ጋቢና ወለል ላይ ነዳጅ መስጫ የለም። ጧ ጧ ሲል የእኔ ቀኝ እግር ወለሉን እስከ መጨረሻው ረግጦታል። ገና አላነሣሁትም ነበር። መሪው ላይ እኔ ብሆን ኖሮ ያቺ ሴትና ያዘለችው ልጅ ዛሬ የሉም።

ሆሳዕና እንደገባን ከመናኸሪያው ቀጥታ ወይዘሮ ታደለች ሱቅ ሄድኩ።

«መኪናውን ለታምራት ይስጡት» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነዎት? ሰዎች በጨርቁ ይስቁበታል አሉ።»

«ከእኔ ይሻላል።»

አጠገባቸው የነበረውን ቁልፍ አንሥተው ሰጡኝ። «እርስዎ ሲሰጡት ይሻላል። እርስዎስ አሁን ምን ሊሠሩ ነው?»

«ባቡር እነዳለሁ» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ታምራት አዲስ አበባ አልሄደም። ዛሬም በሾኔ መንገድ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ሻሹ አርጅቶ ሌላ ቀይ ጨርቅ ተክቷል። እኔ እሑድ እሑድ ከምሕረት ጎን እቀመጣለሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ማብሪያዋን እጫናለሁ፣ ደወሉ ሲደወል እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መብራቱን አያለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼና አሁን መንጃ ፈቃድ ለምታወጡ የምለው ይህን ነው። ሂድ የሚላችሁ ሰው የሚነግራችሁ የእሱ ሥራ ማለቁን ነው። መንገዱን ያላየ ሹፌር አይነሣ።