ያልተተረጎመው ንግግሬ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ የሴት ልጅ አፍ ወጥ ለመቅመስ እንጂ ለሌላ የተፈጠረ በማይመስልበት አገር፣ እኔን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው የሚጠይቁኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የእናቴ አባት። መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ሲጠፋ ተማሪዎቻቸውን ለሌላ አስረክበው እኛ ቤት፣ ከንፋስ መውጫ አለፍ ብሎ ካለው መንደራችን፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ዋሉ። የጋይንትን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበለኝ። ከብቱ ገብቶ፣ እናቴ ኩራዟን ለኩሳ ምሰሶው ላይ ስታንጠለጥላት፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው እኔና ወንድሞቼ አያቴን ከበን «ተረት ይንገሩን» እንላለን።

የአያቴ ተረት እንደ ሌላው ሰው ተረት አልነበረም። ሌላው ሰው ይጀምራል፣ ይጨርሳል። እሳቸው ግን ነገሩ ሊጥም ሲል ቀጥ ያደርጉታል። አንድ ምሽት ጅብ የታመመች አህያ ሊጠይቅ ሄደ አሉን። በሯ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እመት አህያ፣ እግዜር ይማርሽ» አላት። እዚህ ላይ ዝም አሉ። ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና፣ «በሉ፣ አህያዪቱ ምን አሰበች?» አሉ።

«ሊበላኝ ነው ብላ አሰበች» አሉ ወንድሞቼ ባንድ አፍ።

«እሱንማ ጅቡም ያውቀዋል። አንቺሳ፣ ውድነሽ?»

«ሊበላኝ ነው ብላ ፈራች፤ ደግሞ ከተኛሁ ጀምሮ ደጄን የረገጠ እሱ ብቻ ነው ብላ አዘነች» አልኩ።

አያቴ ጥርሳቸውን ከፍተው ሳቁ። «ይቺ ልጅ አህያ ሆድ ገብታ አድራ የምትወጣ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንድሞቼ «አህያዋ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ይጥሩኝ። መልሱ የኔ ነበር።

አባቴ ትምህርት ቤት የሰደደኝ ለእውቀት ብሎ አይደለም። የምስለኔው ልጅ ስለገባች ነው፤ አባቴ ከሰው ማነስ አይወድም። መምህራችን ከጎንደር ከተማ የመጣ ቀጭን ጎልማሳ ነበር፤ ብርዱን ስለማይችለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ያስተምራል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጭራ የሌለው ነገር ጻፈ። «አይ ቲንክ ዛት፣ እንዲህ ይመስለኛል ማለት ነው» አለን። «አይ አም አፍሬድ ዛት፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። አይ ሆፕ ዛት፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከ ዛት ያለው የኔ ነው። ከዛት ወዲያ ያለው የናንተ ነው፤ ሙሉት።»

አንዱ ይዘንባል አለ፤ ሌላው መምህሩ ደግ ነው አለና ተሳቀበት። ተራዬ ሲደርስ «አህያዪቱ የታመመች ይመስለኛል» አልኩ።

«የማን አህያ?» አለኝ።

«የተረት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቀም። «አህያዋን ተያትና፣ አንቺ ምን ይመስልሻል? አንቺስ ምን ያስፈራሻል?» አለኝ። የጅብ ሐሳብ፣ የአህያ ሐሳብ አውቃለሁ፤ የራሴን ግን ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከዛት ወዲያ ያለውን ስሞላ ሄድኩ። ለካ ስንት ነገር በሆዴ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የምሄደው እየሮጥኩ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ኅዳር ላይ፣ ገብሱ አውድማ ወርዶ አባቴ ደረቱን ነፍቶ በሚሄድበት ሰሞን፣ ከሲማዳ ሽማግሌዎች መጡ። ቄስ አሉባቸው። በር ላይ ቆመው፣ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ ጉዳያቸው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሰማቸውና ተቀመጡ አላቸው። እነሱም ተቀመጡ። ባገራችን ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ ከግማሽ አልፏል።

ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ አባቴን ኩራቱ አላስቀምጥ አለው። «የኔ ልጅ እንደ ሰው ሴት ልጅ እንዳትመስላችሁ፤ የፈረንጅ አፍ ትናገራለች። ነይ እስቲ ውድነሽ፣ ለአባ አንድ ነገር በይላቸው» አለ።

ወጣሁ። መስቀል ተሳለምኩና ቆምኩ። በአማርኛ አልፈልግም ብል አባቴን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። የእንግሊዝኛው አፌ ግን ደፋር ነበር፤ የሚቆጣው ሰው አልነበረም። መሬት መሬት እያየሁ፣ ቃሉን አንድ ባንድ እየለቀምኩ ተናገርኩ። ገና ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል። ሲማዳ ሩቅ ነው ብዬ እፈራለሁ። ትምህርቴ ይቀራል ብዬ አዝናለሁ። ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ አልኳቸው።

ቄሱ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አሜን» አሉ። ሌሎቹም ተነሥተው «አሜን፣ አሜን» አሉ። አይፈረድባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ቤተ ክርስቲያን ቆመው በማያውቁት ግዕዝ ሲመረቁ የኖሩ ናቸው፤ የማይገባ ቃል በጸጥታ ከተነገረ ምርቃት ነው ብለው ነው የሚያምኑ። «ከአንደበቷ ማር ይፈሳል፤ ኪዳን የምታደርስ ነው የመሰለኝ» አሉ ቄሱ። የአባቴ ሳቅ ከጆሮ እስከ ጆሮው ደረሰ።

አያቴ ብቻ ከመደባቸው አልተነሡም። «ንባቡን ሰማን። ትርጓሜውስ?» አሉ።

«ምርቃት ምን ይተረጎማል፣ አባ» አለ አባቴ። «አንቺ፣ ጠላውን ቅጂ።»

ቀዳሁ።

በማግስቱ አያቴን ዱላቸውን ይዤ ወደ ፀሐይ ሳወጣቸው፣ ከግድግዳው ተጠግተው «በይ አሁን ተርጉሚልኝ» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። አንዱንም አላስቀረሁ። ወደ አውድማው ምሪኝ አሉኝ። አባቴ መንሹን ይዞ ቆሞ ነበር።

«ልጂቱ አልፈቀደችም» አሉት። «ያ ያላችሁት አሜን በእምቢታ ላይ ነው።»

አባቴ እኔን አላየኝም። «ቃሌ ወጥቷል፣ አባ» አለ። «ሲማዳ ድረስ ልኬ፣ አሜን ያላችሁትን መልሱ ልበላቸው? ሰው ምን ይለኛል?» ገብሱን ወደ ነፋሱ ወረወረው። ገለባው በአያቴ ነጭ ጢም ላይ ሲያርፍ አላራገፉትም። በአማቹ ቤት ተቀምጦ የሚበላ ዓይነ ስውር ከዚህ የበለጠ ምን ይላል? እሳቸውም እኔም እናውቀው ነበር።

ጥር ላይ በበቅሎ ተጭኜ ሄድኩ። አያቴን ደግሜ አላየኋቸውም፤ መርዷቸው ሲደርሰኝ አራስ ነበርኩ።

ባሌ፣ ታደገ ይባላል፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፤ እኔም ምላሴን አልቆጠብኩለትም። ልጅ ወለድን፣ ቀበርን፣ አሳደግን። ግን ለኔ ሁልጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ በራችን ላይ የቆመ ያህል ነበር፤ ትምህርቴን የበላ እሱ ነው እያልኩ በሆዴ እቆጥርበት ነበር። ሁለታችንም ሸምግለን፣ መስከረም ጠብቶ ሳለ፣ እግሩን እያመመው እሳት ዳር ተቀምጦ በድንገት እንዲህ አለኝ።

«ያን ቀን በፈረንጅ አፍ የመረቅሻቸው ምን ብለሽ ነበር? ሽማግሌ የመጡት ቄስ እስኪሞቱ ሲያወሩት ኖሩ።»

ነገርኩት። ገና ልጅ ነኝ ከሚለው ጀምሬ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ እስከሚለው ድረስ፣ ፊት ለፊቱ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩትን ምሬት ጨምሬ ነገርኩት። እንዲያፍር ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ፍሙን ቆሰቆሰ።

«እኔ እኮ ልዳር መሆኔን የሰማሁት ሽማግሌዎቹ ከናንተ ቤት ሲመለሱ ነው» አለ። «ጎጃም ተሻግሬ ቅኔ ልቆጥር፣ ስንቄን ሰውሬ አስቀምጬ ነበር። አንቺስ የምትናገሪበት ቋንቋ ነበረሽ። እኔ በምን ልንገራቸው?»

ተነሥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ የሚያመውን እግሩን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግኩለት። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ እናወራ ነበር፤ እሱ ያልደረሰበትን የቅኔ ቤት፣ እኔ ያልጨረስኩትን ክፍል። ሰኔ ሲገባ ሞተ።

እንግሊዝኛው ዛሬ ጠፍቶኛል፤ ይጥፋ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ዘመን ባንድ ጣራ ኖረን፣ እኔና ታደገ የተዋወቅነው ለአንድ በጋ ብቻ ነው።